አባባ፣ ቁጭ ይበሉ

ልጆቹንና አባቴን ይዘን ለሦስት ቀን ጨንቻ ወጣን። አርባ ምንጭ ላይ በሙቀት ሸሚዝ የከበደን ሰዎች፣ ዳገቱን ስንጨርስ ጋቢ ፈለግን።

ያረፍነው ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ባለ የቀርከሃ ጎጆ ነው። ዙሪያው እንሰት፣ ገብስና የፖም ዛፍ። የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው ከአጥሩ ውጪ ብቻ ነበር (ልጆቹ ይቅር ያሉኝ በሁለተኛው ቀን ነው)።

ሐሳቤ አባባ እንዲያርፉ ነበር። አዲስ አበባ አራተኛ ፎቅ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ፣ መጥረጊያ ሲያነሱ እቀማለሁ። «አባባ፣ ቁጭ ይበሉ» የዘወትር ቃሌ ሆኗል።

በማግስቱ ማለዳ ስነቃ መኝታቸው ባዶ ነው። ደንግጬ ስወጣ፣ ከገበሬው ጋር ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ። የዶርዜ ጎጆ ከሥሩ ምስጥ ሲበላው እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ቦታ ያስለውጡታል። አባባ ይህን ሁሉ ለልጄ ያስረዳሉ፣ ከተማሩት ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላቸው።

«አባባ፣ ቁጭ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እጃቸው ሥራ ያውቃል» አለኝ ገበሬው፣ ቀና ሳይል።

እኔ ቁጭ አልኩ።

ቤት በተመለስን ማግስት፣ ወራት ሙሉ ሲንሲጠጥ የኖረውን የወጥ ቤት በር እያዩ መዶሻ የት እንዳለ ጠየቁኝ። አቀበልኳቸው።