ከሽቦው ሥዕል በፊት መለካት
ላብቪው በ1986 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ ፕሮግራምን በመጻፍ ፈንታ በሣጥንና በሽቦ መሳልን አስተዋወቀ። መሐንዲሱ ሴንሰሩን ከግራፉ ጋር በሽቦ ያገናኛል፤ ልኬቱ ወዲያው ይታያል። አደጋውም ከዚሁ ቅለት ይመነጫል።

ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የታቀደ ነው። አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የዚህን መስመር ድልድይ ንዝረት ሊለካ ተነሣ እንበል። መሣሪያው በሰከንድ 48 ናሙና እንዲወስድ ካዘዘው፣ ወደ ሴንሰሩ ገመድ የሚገባው የ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ ሁከት በግራፉ ላይ የ2 ኸርዝ ሞገድ መስሎ ይወጣል። 2 ኸርዝ ደግሞ ድልድይ በእርግጥ ሊነዝርበት የሚችል ድግግሞሽ ነው! ሽቦዎቹ ሁሉ በትክክል ተገናኝተዋል፤ ፕሮግራሙም ስሕተት አላሳየም፤ መደምደሚያው ግን ሐሰት ነው። ከተመዘገበ በኋላ ሁለቱን ሞገዶች ከቁጥሮቹ ብቻ መለየት አይቻልም። ማጣሪያው መቀመጥ የነበረበት ልኬቱ ወደ ዲጂታል ከመቀየሩ በፊት ነው።

ፓይተን ይሻላል የሚለው የተለመደ ክርክር እዚህ ላይ ፋይዳ የለውም፤ በ48 ናሙና ፓይተንም ያንኑ ሐሰት ይስላል።

እንግዲህ የቤተ ሙከራው የመጀመሪያ ልምምድ ሣጥን ማገናኘት ሊሆን አይገባም። ተማሪው ከሞገድ አመንጪ የ50 ኸርዝ ሞገድ ይቀበል፤ በሰከንድ 48፣ ቀጥሎም 1000 ናሙና ይውሰድ፤ በሁለቱ ግራፎች መካከል ያለውን ልዩነት በወረቀትና በእርሳስ አስልቶ ያስረዳ። ላብቪው ከዚያ በኋላ ይከፈት።