ቀጣዩ መጽሐፍ መቼ ይምጣ?



ባለፈው ነሐሴ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትኖረው እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአራት ጓደኞቹ ጋር የምግብ ጠረጴዛውን ይዞ ለሰዓታት ይጫወታል። ስልክ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሃያ ጎን ያለው ዳይስና አንድ ወፍራም መጽሐፍ ብቻ። አንዱ ልጅ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕሪ ይዘው “እኔ በሩን እሰብራለሁ”፣ “እኔ ጠባቂውን አነጋግራለሁ” እያሉ ይቀጥላሉ። የተሳካውንና ያልተሳካውን ዳይሱ ይወስናል። እህቴ ቡናዋን እየቆላች “የእኛው ተረት ተረት እኮ ነው፤ ልዩነቱ መጨረሻውን ማንም አያውቀውም” አለችኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ወንበር ባዶ ሆነ። “ምነው ጓደኛችሁ?” አልኩ። የእህቴ ልጅ ትከሻውን ሰበቀ። ነገሩን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሁለቱ ልጆች ለልደታቸው ተጨማሪ መጻሕፍት ተገዝተውላቸው ነበር። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ አዳዲስ ኃይሎችና ጥበቦች አሉ። የቀረው ልጅ ያለው ዋናው መጽሐፍ ብቻ ነው። ቀድሞ ከፊት ይሰለፍ የነበረው ጦረኛው አሁን የሌሎቹ ዕቃ ተሸካሚ ሆነበት። እናቱ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ “ግዢልኝ” ብሎ ሊያስቸግራት አልፈለገም። ዝም ብሎ ቀረ።

እኔም ይኸንን ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ፦ እንዲህ ያለ ጨዋታ ተጨማሪ መጽሐፍ በየስንት ጊዜው ቢያወጣ ነው የሚበጀው? የአሳታሚ ጉዳይ ይመስላል፤ ግን የቤታችንም ጉዳይ ነው። ልጆቻችሁ ለውጭ አገር ዘመዶች ከሚልኩት የ“አምጡልኝ” ዝርዝር ውስጥ እንዲህ ያለ መጽሐፍ አይታችሁ ይሆናል።

ከዚህ ዓይነት ጨዋታ ሁሉ በዝና የሚቀድመው ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት ይህ ጨዋታ በ1974 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። (የዓመተ ምሕረቱ አቆጣጠር እንደ አውሮፓውያኑ ነው።) አሳታሚው ቲ.ኤስ.አር በ1990ዎቹ በአንድ ጊዜ ብዙ የተለያዩ ምናባዊ ዓለማትን አወጣ፤ ለእያንዳንዱም ዓለም መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ደረበ። ገዢው ግን ያው ነበር። አንዱ የአንዱን ዓለም ሲገዛ ሌላው የሌላውን ገዛ፤ ገበያው ተከፋፈለ። ብቸኛው ምክንያት ይህ ባይሆንም ድርጅቱ በዕዳ ተዘፍቆ በ1997 ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ። ማርም ሲበዛ ይመራል።

በ2014 አምስተኛው እትም ሲወጣ ግን አካሄዱ ተለወጠ። በመጀመሪያ ሦስት ዋና መጻሕፍት ወጡ፤ መሠረታዊው ሕግ ደግሞ በነፃ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ በብዛት የወጡት የጀብዱ ታሪኮች ናቸው፤ እነሱም በዓመት ሁለት ያህል ነበሩ። ለተጫዋቾች ትልቅ የሕግ ማስፋፊያ የመጣው በኅዳር 2017 ነው፤ ተከታዩ በኅዳር 2020። በየሦስት ዓመቱ አንድ ማለት ነው። በእነዚያ ዓመታት ጨዋታው አልከሰመም፤ እንዲያውም አዳዲስ ተጫዋቾች ጎረፉለት። አዲስ የሚመጣ ሰው መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ሲያይ ይደነግጣል፤ አንድ መጽሐፍ ሲያይ ግን ይቀመጣል።

ለእኔ ቁም ነገሩ ያለው በሁለቱ ዓይነት መጻሕፍት ልዩነት ላይ ነው። የጀብዱ መጽሐፍ የሚገዛው ታሪኩን የሚመራው አንድ ሰው ነው፤ ሌሎቹ ቁጭ ብለው ይሰሙለታል። ረጅም ጀብዱ በሳምንት አንድ ቀን ሲጫወቱት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ በዓመት ሁለት ቢወጣ ማንንም አይጎዳም፤ የፈለገ ይመርጣል፣ ያልፈለገ ይተዋል። የተጫዋቾች የሕግ መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። አንዱ ሲገዛው ሌላው ያልገዛ ሁሉ ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል። ስለዚህ የሕግ መጽሐፍ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ ቢወጣ ይበቃል እላለሁ። ያለውን ተጫውቶ ያልጨረሰ ልጅ አዲስ ኃይል ቢጨመርለት ያነብበዋል እንጂ አይጫወተውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ?

“አሳታሚውስ ምን ይብላ?” የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው። ደራሲውም ሠዓሊውም ደመወዝ ይፈልጋል፤ ዋናውን መጽሐፍ የገዛ ሰው ደግሞ መልሶ አይገዛውም። መጽሐፉን ሳይጫወት ለማንበብ ብቻ የሚወድድም አለ፤ አዲስ ነገር ሲጠፋ የሚሰለችም አለ። ጨርሶ አይታተም አላልኩም። ግን ጠረጴዛው ከተበተነ ቀጣዩን መጽሐፍ የሚገዛ አይኖርም።

አሳታሚን ማዘዝ አንችልም፤ ቤታችንን ግን እንችላለን። የአምስተኛው እትም አንድ ዋና መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ የተለጠፈበት ዋጋ 49.95 ዶላር ነበር። በእኛ ምንዛሬ አስቡት። ስለዚህ ልጃችሁ አዲስ መጽሐፍ ሲጠይቃችሁ “አይሆንም” ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት፦ ያለህን ተጫውተህ ጨርሰሃል? አዲሱ የሚያስፈልገው ለጠረጴዛው ነው ወይስ ለአንተ? ጓደኞችህስ ይኸንን መጽሐፍ ያገኙታል? የሦስተኛው ጥያቄ መልስ “አያገኙትም” ከሆነ፣ የምትገዙለት ስጦታ ጓደኛ ሊያሳጣው እንደሚችል አስረዱት። ገና ለሚጀምሩ ልጆች ደግሞ በነፃ የሚገኘው ሕግ ለወራት ይበቃል።

እህቴ ያደረገችውን ልንገራችሁና ላብቃ። አምስቱን ቤተሰቦች ደውላ እንደ እቁብ ያለ ነገር አቋቋመች። እያንዳንዱ ቤት በወር ጥቂት ዶላር ያዋጣል፤ ሲጠራቀም ልጆቹ ተስማምተው አንድ መጽሐፍ ይገዛሉ። መጽሐፉ የማንም ልጅ አይደለም፤ የጠረጴዛው ነው። በጠረጴዛው መጽሐፍ ውስጥ የሌለ ኃይል ደግሞ ቅዳሜ ላይ አይሠራም። ልደታቸውን ያከበሩት ሁለቱ ልጆች ለሁለት ሳምንት አኩርፈው ነበር አሉ።

ባለፈው ስንደዋወል “ያ ልጅስ?” ብዬ ጠየቅኋት። “መጥቷል” አለችኝ፤ “አሁን ታሪኩን የሚመራው እሱ ነው። ቡናዬን እንኳ ተረጋግቼ አልጠጣ ብያለሁ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይጮኻሉ።”

እስከ መጪው ወር ሰላም ቆዩኝ።