ከዕድሜ የቀደመ ቆዳ

ሰኞ በባቲ ገበያ የቆመ ሰው ከአፋር ሜዳ ግመል እየነዳ የመጣውንም፣ ከወሎ ደጋ እህል ጭኖ የወረደውንም ያያል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ፊቱ እንደ ሽማግሌ የተጨማደደ፣ የጉንጩ ቆዳ የተንጠለጠለ የዐሥር ዓመት ልጅ ብታዩ፣ አንባቢዎች ሆይ፣ ምን ትላላችሁ? አንዱ «እርግማን ነው» ይላል፤ ሌላው «የሥጋ ደዌ እንዳይሆን» ብሎ ልጆቹን ይሰበስባል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቆዳችን ውስጥ ኤላስቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ሥራቸው እንደ ካልሲ ላስቲክ ነው፤ ቆዳው ሲሳብ ይለጠጣሉ፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ሰውነታችን አብዛኛውን ኤላስቲን የሚሠራው ከመወለዳችን ጥቂት አስቀድሞና በልጅነታችን ስለ ሆነ፣ ክሮቹ ከጠፉ በኋላ እንደ ቀድሞው አድርጎ አይተካቸውም።

ይህን ጉድለት የሚያመጡት ሕመሞች ጥቂት ሰው ብቻ የሚይዙ ናቸው። ኩቲስ ላክሳ፣ ማለት «የላላ ቆዳ»፣ በዘር ይተላለፋል፤ ወይም ከብርቱ የቆዳ መቆጣት በኋላ ይከተላል። አኔቶደርማ ግን ቆዳውን በትንንሽ ስፍራ ብቻ ያላላል፤ ስለዚህ ሕመም ጀርመናዊው ሐኪም ያዳሶን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ጽፎአል።

የሥጋ ደዌ የያዘው ቆዳ መልኩ ይደበዝዛል፤ ስሜቱም ይደነዝዛል። የላላ ቆዳ ግን ሲነኩት ይሰማዋል፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። የሥጋ ደዌም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ስለሚድን ሰውን ለመሸሽ ምክንያት አይሆንም።

ዋናው ቁም ነገር እነዚሁ ክሮች በሳንባና በትልልቁ የደም ሥር ውስጥም መኖራቸው ነው። ስለዚህ «መልኩ ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት» ተብሎ አይተውም። በተለይ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ወይም እምብርቱና ብሽሽቱ የሚያብጥበት ልጅ ልቡና ሳንባው ይመርመርለት። የጠፋውን ክር የሚመልስ ቅባት የለም፤ ቀዶ ጥገና የተንጠለጠለውን ቆዳ ሊሰበስብ ይችላል፣ ዳሩ ግን ተመልሶ ይላላ ይሆናል። ከባቲ ለሚነሣ ሰው መንገዱ በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታሉ በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

መምህር ወይም ጸሐፊ የሆናችሁ ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ለልጁ እናት መንገር የእናንተ ፈንታ ነው። ልጁንም ከጓደኞቹ ጋር አስቀምጡት፤ ዕድሜውንም ከፊቱ ሳይሆን ከአፉ ስሙ።