የሐኪሙ ዕዳ በአገልግሎት ይቈጠር

በደንቢያ የወደቀው የወባ መቅሠፍት ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒተሪያኑን በአንድ ጓድ አሰልፎ ወደየአውራጃው ጤና ጣቢያ በመላኩ፣ ድውይ በሚበዛበትና ፈዋሽ በሚያንስበት አገር ትምህርትና ምደባ የማይነጣጠሉ መሆናቸውን አስቀድሞ አስመስክሯል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ እንዲኖር በልኬት ሲያስቀምጥ፣ አገራችን ከዚህ ልክ እጅግ ርቃ ትገኛለች። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት ደግሞ የምግቡንና የመኝታውን ዋጋ፣ ከትምህርቱም ወጪ ከፊሉን ተማሪው ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቀነሰ እንዲከፍል ያዝዛል። ክፍያው ለነገ መተላለፉ ርኅራኄ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም የሕክምና ትምህርት ከሌላው ይልቅ ረጅም ስለሆነ ዕዳውም አብሮ ይረዝማል፤ የድኻው ገበሬ ልጅም ለጋዋን፣ ለመጽሐፍና ለመንገድ የሚሆን ሳንቲም የሚያገኘው ከቤተሰቡ ጉሮሮ ነጥቆ ነው።

ስለዚህ በትምህርቱ ዘመን የኪስ ገንዘብ ይሰጠው፤ በገጠር ጤና ጣቢያ ያገለገለበት እያንዳንዱ ዓመትም ከዕዳው አንድ ዓመት ይሰርዝለት፤ ተማሪውም ሐኪም ካጣው ወረዳ ይመረጥ። ይህ ሕልም አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከየቀበሌው የተመረጡ ሴቶችን አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቈርጦ ወደ ተወለዱበት ቀዬ በመመለሱ ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን አቁሟል።

ነገር ግን (በእኔ አስተያየት ስለ ተማሪ ድጎማ የሚደረገው ክርክር የሚዘነጋው ይህን ነው) ለተማሪው የሚሰጠው ርዳታ ብቻውን ቢሰፋ፣ የመደብ በጀት አጥተው ሥራ ፈት በተቀመጡት ወጣት ሐኪሞች ላይ ሌሎችን መጨመር ይሆናል፤ ይህም መብራትን ከዕንቅብ በታች ማኖር ነው። ተማሪው ለማገልገል ቃል ሲገባ መንግሥትም ሥራና የሚያኖር ደመወዝ ሊያዘጋጅ ቃል ካልገባ፣ ነገሩ ኪዳን መባሉ ይቀርና የአንድ ወገን ቀንበር ይሆናል፤ የትምህርት ማስረጃን ይዞ ማስገደድም ሰውን በሥፍራው ያቆመዋል እንጂ ልቡን አያቆመውም። ማደሪያ ቤት፣ መድኃኒት ያለበት ጤና ጣቢያና በወቅቱ የሚከፈል የተረኛ አበል ከማናቸውም ማስገደጃ ይበልጣሉ።

የጤና፣ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች እንግዲህ የተማሪውን ድጎማና የተመራቂውን መደብ በአንድ በጀት፣ በአንድ ፊርማ አጣምረው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቅርቡ፤ ምክር ቤቱም አንዱን አጽድቆ ሌላውን ለከርሞ እንዳያሳድር አደራ እንላለን።