ስለ ቤት ፕላን ዋጋ

ቤት መሥራት ለብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚገጥመው ታላቅ ወጪ ነው። ነጋዴው ከትርፉ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ለብዙ ዘመን ቈጥቦ ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያፈሰው በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ የድንጋይ፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲጠየቅ እያዘነም ቢሆን ይከፍላል፤ የፕላን ዋጋ ሲጠየቅ ግን «ለወረቀት ይህን ያህል?» ብሎ ይደነግጣል። ድንጋዩ በዓይኑ ይታያል፤ በፕላኑ ውስጥ ያለው አሳብና ስሌት ግን አይታየውም። ከዚህም የተነሣ አንዳንዱ የማያስፈልገውን ያህል ይከፍላል፤ ሌላው ደግሞ መክፈል የሚገባውን ሳይከፍል ቀርቶ ኋላ ከዚያ የሚበልጠውን ያጣል።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ የፕላን ዋጋ የብዙ ሥራ ድምር መሆኑ ነው። አርክቴክቱ ቦታውን ይለካል፤ የመሬቱን ተዳፋትና ጠባይ ይመረምራል፤ ባለቤቱ ምን ያህል ቤተ ሰብ እንዳለውና ምን ያህል ገንዘብ እንዳዘጋጀ ጠይቆ የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጣል። ንድፉ ከተወደደ በኋላ ለማዘጋጃ ቤት የሚቀርበው ፕላን ይዘጋጃል። ከዚያም ግንበኛው፣ አናጢውና የቧንቧ ሠራተኛው የሚመሩበት ዝርዝር ፕላን ይከተላል። በመጨረሻም የዕቃውን ዝርዝርና ግምት ማዘጋጀት፣ ሥራው እንደ ፕላኑ መካሄዱንም መቈጣጠር ይመጣል። የመሠረቱን፣ የቤቶኑንና የብረቱን ስሌት የሚያወጣው መሐንዲስ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚታሰብ ስለ ሆነ፣ በስምምነቱ ውስጥ መግባቱንና አለመግባቱን ጠይቆ መረዳት ያሻል።

እያንዳንዱ ክፍል ከጠቅላላው ዋጋ ምን ያህል እንደሚይዝ ለመረዳት የጀርመን አገር ደንብ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአርክቴክቶችና የመሐንዲሶች ክፍያ ደንብ የሕንፃን ሥራ በ9 ደረጃ ከፍሎ፣ ዋጋውን ከ100 እጅ እንዲህ ደልድሎታል፤ መነሻውን ማጥናት 2፣ የመጀመሪያው ንድፍ 7፣ የተሟላው ንድፍ 15፣ ለፈቃድ የሚቀርበው ፕላን 3፣ ለሥራ የሚውለው ዝርዝር ፕላን 25፣ የጨረታ ዝግጅት 10፣ ጨረታውን ማካሄድ 4፣ የሥራው ቍጥጥር 32፣ ከፍጻሜው በኋላ ያለው ክትትል 2። እንግዲህ እስከ ፈቃዱ ድረስ ያለው ሥራ ሁሉ ቢደመር 27 እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ባለሙያ በርካሽ፣ ሌላው በውድ ቢጠይቅ፣ ርካሹ የሚሸጠው ምናልባት እስከ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ የሚያደርሰውን ፕላን ብቻ ይሆናል፤ ውዱ ግን ቤቱ አልቆ ቍልፉ እስኪሰጥ ድረስ ያለውን ድካም አስቦ ይሆናል። ሥራቸው ሳይነጻጸር ዋጋቸውን ማነጻጸር አይቻልም።

የዋጋው አቈራረጥም ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ በካሬ ሜትር ያስባል፤ ይህ ለመረዳት ቀላል ቢሆንም ሜዳውን ከገደላማው ቦታ አይለይም። አንዳንዱ ከሕንፃው ወጪ በመቶ ይህን ያህል እጅ ብሎ ይዋዋላል፤ ይህም ወጪው በጨመረ ቍጥር የባለሙያውን ክፍያ ስለሚጨምር ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንዱ ደግሞ በቍርጥ ዋጋ ይስማማል፤ በዚህ ጊዜ ባለቤቱ አሳቡን እየለዋወጠ ፕላኑን ቢያስለውጥ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ መጻፍ አለበት።

ቀድሞ በብዙ አገር ይህን የሚወስን ሕግ ነበረ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1949 የመሐንዲሶችንና የአርክቴክቶችን ታሪፍ በሕግ ደንግጋ ነበር፤ ነገር ግን የዝቅተኛው ዋጋ አስገዳጅነት በ2006፣ ታሪፉም ራሱ በ2012 ተሽሯል። የጀርመንም ደንብ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 ከፈረደበት በኋላ፣ ከ2021 ጀምሮ አስገዳጅ መሆኑ ቀርቷል። ዋጋው ከሕግ ወደ ውል በተዛወረ ጊዜ ባለቤቱን የሚጠብቀው የራሱ ዕውቀት ነው።

ከጎረቤት ፕላን ገልብጦ ወጪ ማዳን የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ላለችው ለአሥመራ የሚስማማው ቤት፣ በባሕር ዳር ለምትገኘው ለምጽዋ አይስማማም። አንዱ ከብርድ መጠለያ ይሻል፤ ሌላው ሙቀትን የሚያስወጣ ነፋስና ጥላ ይሻል። የምጽዋ የጥንት ሠሪዎች በባሕር ድንጋይ ገንብተው፣ የእንጨት ሰገነት ያወጡት በከንቱ አይደለም። በአሥመራም በጁሴፔ ፔታዚ ፕላን እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራው የፊያት ታልዬሮ ነዳጅ ማደያ፣ በግራና በቀኝ የተዘረጉት ሁለት ክንፎቹ እያንዳንዳቸው 15 ሜትር ያህል ያለ ምሰሶ ቆመዋል። ያን ክብደት ያስቻለው ሲሚንቶውና ብረቱ ብቻ ሳይሆን፣ አስቀድሞ በወረቀት ላይ የተሠራው ስሌት ነው። ከተማዪቱ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባም፣ የተከበረው የዚህ ዐይነቱ አሳብ ነው።

ነጋዴ ነገሩን በሒሳብ ቢመለከተው ይበጃል። ለምሳሌ ያህል፣ ቤቱ 1,000,000 ብር የሚፈጅ፣ የተሟላውም ፕላን ከነቍጥጥሩ 60,000 ብር የሚያስከፍል ይሁን። ባለቤቱ በ20,000 ብር የጐደለ ፕላን ቢገዛ 40,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን መስኮቱ በተሳሳተ ቦታ ወጥቶ ግድግዳ ቢፈርስ፣ ብረትም ካስፈላጊው በላይ ቢገዛ፣ ከሥራው ወጪ 5 እጅ ብቻ ቢባክን 50,000 ብር ይሄዳል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ባለሙያውም ኀላፊነት አለበት። ቪትሩቪየስ የተባለው ሮማዊ የሕንፃ ሊቅ እንደ ጻፈው፣ በጥንቲቱ ኤፌሶን የሕዝብ ሥራ የያዘ አርክቴክት ግምቱን ለሹማምንት ያስረክብ፣ ንብረቱንም ዋስ ያደርግ ነበር። ወጪው ከግምቱ ከሩብ በላይ ቢያልፍ ትርፉ ከገዛ ንብረቱ ይወሰድ ነበር። ይህን ያህል መክበድ ባያስፈልግም፣ ከባለቤቱ ገንዘብ ጋር የማይመጣጠን ቤት ነድፎ ዋጋ የሚቀበል ሰው ሥራውን ፈጸመ አይባልም።

የማዘጋጃ ቤት ሹማምንት ድርሻም ቀላል አይደለም። የሚፈለጉት የፕላን ዐይነቶችና የሚከፈለው የአገልግሎት ዋጋ በግልጽ ተጽፈው ቢለጠፉ፣ ባለጕዳዩ አንድ ወረቀት ጐደለ እየተባለ አይመላለስም፤ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ፕላን ለማሠራትም አይገደድም። በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ ዐዋጅ ቍጥር 624 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ በ3 ምድብ መክፈሉ፣ አነስተኛው ቤት እንደ ትልቁ ሕንፃ እንዳይከብድበት የረዳ አሠራር ነው።

ስለዚህ ቤት ለመሥራት ያሰበ ሁሉ ከመዋዋሉ በፊት ስንት ፕላን እንደሚረከብ፣ የመሐንዲሱ ስሌትና የሥራው ቍጥጥር በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን፣ ለውጥ ቢመጣ ምን እንደሚከፈል በጽሑፍ ያስፍር፤ ክፍያውንም በሥራው ደረጃ ከፋፍሎ ይስጥ። በወረቀት ላይ ያለ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ በግንብ ላይ ያለ ስሕተት ግን የሚጠፋው በመዶሻና በገንዘብ ነው።