መንገድ የሚቆረጠው መጋጠሚያው ላይ ነው

ከሞጣ ወደ አንዳቤት በሚያሻግረው የእግር መንገድ፣ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ፣ ሰባራ ድልድይ የሚባል የድንጋይ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ ጎጃምንና በጌምድርን ለብዙ ዘመን ሲያገናኝ ከቆየ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት አርበኞች መካከሉን አፈረሱት። የድንጋዩ ሥራ በሁለቱም ወገን እንደ ቆመ ነበር፤ የጎደለው መካከሉ ብቻ ነው። ሆኖም ያ ክፍተት እስኪጠገን ድረስ ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ ጫፍ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በ1994 ዓ.ም. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ክፍተቱን በብረት ጠገነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሙላት ወሰደው። ከዚያም በ2001 ዓ.ም. ከውኃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራለት።

ይህ የድሮ ነገር የሚነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር ወር 2018 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አጠገብ፣ አቡሴራ በተባለው ቦታ፣ የአዲሱ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል። አየር ማረፊያው በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ ደግሞ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከቦሌ ጋር የሚያገናኘው ፈጣን ባቡርም በዕቅዱ ውስጥ ተካቷል። ባቡሩ መታሰቡ የሚያስመሰግን ነው። ጥያቄው ባቡሩ ከየት ተነሥቶ የት ላይ ይቆማል፣ እዚያስ ቆሞ ከምን ጋር ይገናኛል የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ አገሪቱ ቅርብ የሆነ ትምህርት አላት። የአዲስ አበባ ጅቡቲ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የቀድሞው ባቡር ጣቢያ ለገሃር በከተማው መካከል ስለ ነበረ መንገደኛው ከባቡር ወርዶ በእግሩ ወደ ጉዳዩ ይሄድ ነበር። አዲሱ የመንገደኞች ጣቢያ ግን ለቡ፣ ከከተማው ዳር ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ደግሞ አንዱ ሐዲድ ቃሊቲ ላይ፣ ሌላው ጦር ኃይሎች ላይ ስለሚያበቃ ለቡ አይደርስም። ቦሌ አየር ማረፊያም አይደርስም። ሁለት ባቡርና አንድ ትልቅ አየር ማረፊያ በአንድ ከተማ ውስጥ እያሉ፣ ሦስቱን የሚያገናኛቸው ታክሲ ነው። በአንድ ዘመን የታቀዱ ሥራዎች እንዲህ ጀርባ ለጀርባ መቆማቸው ሊያስገርም ይገባል።

ነገሩ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስል፣ በቻይና ሻንጋይ የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። እዚያ ከፑዶንግ አየር ማረፊያ የሚነሣ፣ በማግኔት ኃይል ከሐዲዱ ተንሳፎ የሚሄድ ባቡር አለ። 30 ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሰው በስምንት ደቂቃ ገደማ ነው። የሚያበቃው ግን ከከተማው መካከል ርቆ ስለሆነ፣ መንገደኛው ሻንጣውን ተሸክሞ ሌላ ባቡር ይሳፈራል። በስምንት ደቂቃ የተገኘው ጊዜ በመሳፈሪያው ደረጃ ላይ ይጠፋል። ፈረንሳዮች በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1994 የፈጣኑን ባቡር ጣቢያ በፓሪስ ሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ ውስጥ፣ ከመንገደኞቹ ሕንፃ ሥር አስገቡት፤ ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ደረጃ ወርዶ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ይሳፈራል። ቻይናውያንም ቢሆኑ በዚያው በሻንጋይ፣ በሆንግቻዎ በኩል፣ ኋላ የፈጣን ባቡር ጣቢያውንና የአየር ማረፊያውን ሕንፃ ጎን ለጎን ሠርተዋል።

አንዳንዱ ‹‹ይህ ሁሉ ለብቸናና ለሞጣ ገበሬ ምኑ ነው?›› ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጎጃም ባቡር የለውም። ከዓመታት በፊት በወጣው የአገሪቱ የባቡር መረብ ዕቅድ ውስጥ ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳር አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚዘልቅ መስመር ተሥሎ ነበር፤ ያም ቢሆን ከወረቀት አልወረደም፤ ምሥራቅ ጎጃምንም አይነካም። በፈጣኑ ባቡር የሚሳፈር የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ ብዙ እንደማይሆን የታወቀ ነው።

ማዳበሪያው ግን ይሳፈራል። ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ተገዝቶ ጅቡቲ ይራገፋል፤ ከዚያ ከፊሉ በባቡር ከፊሉ በከባድ መኪና ወደ መካከል አገር ይገባል፤ ቀጥሎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ዩኒየን መጋዘን፣ ከዩኒየኑም ወደ መሠረታዊ ማኅበራት ይከፋፈላል። በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ ባቡሩ ሲሮጥ የሚባክን ጊዜ እምብዛም ነው። ጊዜ የሚባክነው ከመርከብ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን ወደ አህያ ጀርባ በሚዛወርበት ቦታ ነው። ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ላይ ነው፤ ዘር ደግሞ ወረፋ አይጠብቅም። ማዳበሪያ አንድ ሳምንት የዘገየበትን ገበሬ ምርቱ ከየትኛው መጋጠሚያ ላይ እንደ ቀረ ማንም አይነግረውም።

ስለዚህ በአቡሴራ የሚሠራው ነገር ለጎጃም ሩቅ አይደለም። የጅቡቲው ሐዲድ የሚያልፈው በዚያው በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ነው፤ የአገሪቱ ዋና ደረቅ ወደብም ሞጆ ነው። አየር ማረፊያው ከቦሌ ጋር ብቻ ተገናኝቶ ከጅቡቲው ሐዲድና ከሞጆ ጋር ሳይጋጠም ቢቀር፣ የሚጠቀመው ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን የሚዛወረው የውጭ መንገደኛ ይሆናል። ጭነትም እንዲያልፍበት ሆኖ ቢታቀድ ግን፣ ከገጠር የሚወጣው ሥጋ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ለአውሮፕላን ይቀርባል፤ ከውጭ የሚገባው ዕቃም አንድ ጊዜ ተጭኖ አንድ ጊዜ ይራገፋል። ለአየር ማረፊያው የተወሰደው የአቡሴራ መሬት የገበሬ መሬት እንደ ነበረም መዘንጋት የለበትም። በገበሬ መሬት ላይ የተሠራ ጣቢያ የገበሬን ጭነት ሳይቀበል ቢቀር ትክክል አይሆንም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ደግሞ፣ ሞጣ በዓለም አቀፍ የአየር ማረፊያዎች መዝገብ ኦ ቲ ኤ የሚል የሦስት ፊደል መለያ አላት። ይህን የሚያውቅ የከተማው ነዋሪ ጥቂት ሳይሆን አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዳኮታዎች በየአውራጃው ሜዳ ላይ ያርፉበት የነበረው ዘመን ያለፈ ሲሆን፣ ዛሬ ለሞጣ መደበኛ በረራ የላትም። ሜዳው ተመልሶ ይከፈትልን የሚል ሐሳብ ሲነሣ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም መቅደም ያለበት ይህ አይደለም። ለሞጣ ሰው አየር ማረፊያው ባሕር ዳር ነው። ያም አየር ማረፊያ የተሰየመው በዚያው በብቸና አገር ጠላትን ሲዋጋ በኖረው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ነው። የእርሱ አገር ሰው ታማሚውን ይዞ ወይም ወደ ውጭ የሚሄድ ልጁን ሊሸኝ ሲነሣ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ አውሮፕላኑ ያለውን መንገድ በኮንትራት መኪና፣ በተጠየቀው ዋጋ ይጨርሰዋል። ብቸና ደግሞ ከዚህም የባሰች ናት፤ በደብረ ማርቆስ አዲስ አየር ማረፊያ ሥራው ቢጀመርም፣ በሁለቱ መካከል ጮቄ ስላለ የብቸና መንገደኛ ወደ ደጀን ወርዶ መታጠፍ አለበት። ከአየር ማረፊያው በር እስከ ደጀንና እስከ ብቸና በሰዓቱ የሚነሣ አውቶቡስ ቢመደብ፣ የአንድ አስፋልት መንገድ ወጪ አይጠይቅም።

ከደጀን በብቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣን ይዞ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ በደብረ ማርቆስ ከሚዞረው ያጥራል። በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን ርዳታ የተሠራው የዓባይ ድልድይም ከባድ መኪናን ያለ ሥጋት ያሳልፋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ይህ መስመር በየጊዜው መዘጋቱ፣ ሌላ መውጫ የሌለው አገር ምን ያህል እንደሚጎዳ አሳይቷል። የዚያ መፍትሔ በመንገድ ሠራተኛ እጅ ያለ አይደለም።

በማኅበራት መሪዎች እጅ ያለው ሌላ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎች መንገድ አግኝተዋል። በብዙ ቦታ ግን ጠጠሩ ተነጥፎ የወንዙ መሻገሪያ ቀርቷል፤ መኪናው ከወንዙ ወዲህ ይቆማል፤ ኩንታሉ በሰው ትከሻ ይሻገራል። መጋዘንም ሲሠራ ቦታው የሚመረጠው ነፃ መሬት በተገኘበት ሲሆን፣ ተሳቢ ያለው መኪና ገብቶ የሚዞርበት መሆኑን የሚጠይቅ አይገኝም። አንድ የማኅበር መሪ ለወረዳው ሲያመለክት ‹‹መንገድ ይሠራልን›› ከማለት ይልቅ፣ መኪናው የሚቆምበትን ወንዝ ስም፣ ከዚያ እስከ መጋዘኑ ያለውን ርቀት፣ ባለፈው ክረምት በሸክም የተሻገረውን የኩንታል ብዛትና የተከፈለውን የተሸካሚ ዋጋ ጽፎ ቢያቀርብ ጥያቄው ይከብዳል። ለመሻገሪያው የሚያስፈልገው ድንጋይና አሸዋ ከአካባቢው ይገኛል፤ ሲሚንቶና ብረቱ ከወረዳው ወይም ከዩኒየኑ ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ ማመልከቻ ከመኸር አጨዳ በኋላ፣ ሰው በሚሰበሰብበት በጥርና በየካቲት መቅረብ አለበት። ሥራው ከግንቦት ማለፍ አይችልም፤ ሰኔ ከገባ የብቸና ዋልካ መኪና አያስገባም።