ስሜን የያዘችው ማናት?

የዛሬዋ ደብዳቤ የመጣችው ከደብረ ታቦር ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ አደራ ብላለችና አደራዋን ጠብቄያለሁ። አሳጥሬ ላንብብላችሁ።

«ዕድሜዬ 24 ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጋይንት፣ ቤተ ልሔም አካባቢ ነው። ቴሌግራም ስከፍት የአገሬን ስም ወድጄ መጠሪያዬን ‹የቤተልሔም ልጅ› አልኩት። ባለፈው ሰሞን እጮኛዬ ይህንኑ ስም ቲክቶክ ላይ ሲፈልግ ፊቷን በማስክ ሸፍና በሌሊት ልብስ የምትጨፍር ልጅ አገኘ። ‹አንቺ ነሽ፤ ሌላ ማን በዚህ ስም ይጠራል?› ብሎ ድርቅ አለ። ብምል ብገዘት አልሰማ አለኝ። ሽማግሌ ገብቶ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ቤተሰቤ ከሰማ አለቀልኝ! ምን ይሻለኛል?»

አይዞሽ እህቴ። «ሌላ ማን በዚህ ስም ይጠራል?» የምትለዋን ጥያቄ ይዤ እኔም ስልኬን ከፈትኩ። እናንተዬ፣ ቤተልሔም የማይባል ምን አለ! ጌታ የተወለደባት የፍልስጤሟ ትቀድማለች። ቀጥላ የአሜሪካዋ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለችው፤ በስሟ ይጠራ የነበረው ትልቁ የብረት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሰረ። ደቡብ አፍሪካም አንድ ቤተልሔም አላት። ከዚያ የእኛዎቹ ሴቶች ይጎርፋሉ፤ የሶል ሬብልስ ጫማዋ ቤተልሔም ጥላሁን ከፊት ሆና። አንዷ በ«ሔ»፣ ሌላዋ በ«ሄ»፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍማ ስንት ዓይነት! ቤቲዎቹን መቁጠር ትቼዋለሁ።

የጋይንቷን ያገኘኋት ብዙ ወርጄ ነው። ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እዚያ ድረስ ዘልቆ፣ ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን ቤት የሚመስለው ቤተ ክርስቲያን ውስጡ በድንጋይ የታነጸ የጥንት ሕንፃ መሆኑን ለውጭው ዓለም ተናገረ። ላገሬው ሰው ግን ቤተ ልሔም ማለት የድጓ ምስክር ቤት ነው። ተማሪው ከየአገሩ ይመጣል። «የቤተ ልሔም ነኝ» ስላለ ብቻ ማንም አይመሰክርለትም፤ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ማሰማት አለበት። እጮኛሽ ይህን ወግ ሳያውቀው አይቀርም። ታዲያ በስም ብቻ ለምን ፈረደ?

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ወንድሜ። ቴሌግራም አንዱን መጠሪያ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጣል። ቲክቶክም እንዲሁ። ሁለቱ ግን አይጠያየቁም! እሷ ቴሌግራም ላይ የያዘችውን ስም ቲክቶክ ላይ ቀድሞ የደረሰ ማንም ይወስደዋል፤ ጎረምሳም ሊሆን ይችላል። አንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት አበበ ከበደ ቢገኝ የአያት ስም እንጠይቅ የለም? እዚህም ጠይቅ። ልጅቷ መቼ ጀመረች? ከኋላዋ የሚታየው ቤት የማን ነው? ድምጿስ? ከእጮኛህ ወዳጆች መካከል የሚከተላት አለ? (እግረ መንገዴን፦ ከስም ኋላ የትውልድ ዓመት መለጠፍም ብዙ አይለይም። በእኛ አቆጣጠር በ92 የተወለደችና በፈረንጅ በ92 የተወለደች በዕድሜ ሰባት ስምንት ዓመት ይበላለጣሉ፤ ቁጥሩ ግን ያው 92 ነው።)

አንቺ ደግሞ መሐላውን ተዪው። አጠገቡ ተቀመጪና አብራችሁ ፈልጉ። ልጅቷ ላይቭ የምትገባ ከሆነ በዚያች ሰዓት ፊቱ ቁጭ በይ፤ እሷ ስትጨፍር አንቺ ቡና ቅጂለት! ተናደሽ ስሙን እንዳትቀይሪው። የተውሽውን የቴሌግራም መጠሪያ ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል፤ ያኔ አንቺን መስሎ ከዘመድሽ ብር የሚለምን ይመጣል። ልጅቷንም አትሳደቢ፤ እሷም በራሷ ስም ነው የምትጨፍረው።

ይህን ሁሉ አይቶ አሁንም «አንቺ ነሽ» ካለ ነገሩ የስም አይደለም፤ ሰበብ እየፈለገ ነው። እንዲያ ከሆነ ሽማግሌዎቹን ራስሽ ጥሪያቸው። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ካንቺ ይስሙት። ጥር ሳይደርስ ጻፊልኝ።